የድልድይ ሠሪው ባዶ መስመር

የቀረው አንድ መስመር ብቻ ነበር። አስቡት እስቲ፤ ባለ ሦስት ክፍል ኦፔራ፣ ያ ሁሉ ዘፋኝ፣ ያ ሁሉ ቫዮሊን፣ ያ ሁሉ ከበሮ አልቆ፣ መጨረሻዋ ትዕይንት ላይ የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ሳይጻፍ ቀርቷል። እሱም ባኒ ነው። ባኒ! ወፍራሙ፣ የታችኛው ድምፅ! በእኛ ከተማ በኩታይሲ ባኒ ለመስጠት ትምህርት ቤት አይኬድም። የጠጣ ጫማ ሰፊም ሆነ ያልጠጣ ቄስ፣ ሁለት ሰው ዘፈን ሲያነሳ ከሰማ አፉን ከፍቶ ከታች ይገባል፣ አበቃ። ባድሪ ግን፣ የሰቨሪያን ልጅ፣ በማዕረግ የተመረቀው ሙዚቀኛ ባድሪ፣ ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ክረምቱን ሙሉ ሲታመስ ከረመ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይኸው ነው።

በቴአትር ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ፒያኖ ያለበት ክፍል ሰጥተውታል። እዚያ ውስጥ ቂጡ መሬት አይነካም። ይጽፋል፣ ይመታዋል፣ «ኤጭ!» ብሎ ይቀደዋል። ይነሳና መስኮቱን ይከፍታል፤ የሪዮኒ ወንዝ ጩኸት ሲገባ እሱም ያናድደውና መልሶ ይዘጋዋል። አንዱን ሲጋራ ሳይጨርስ ሌላ ይለኩሳል። ጠራጊዋ ሴትዮ ወለሉ ላይ የሚያድረውን የተቀደደ ወረቀት እያየች «ይሄ ሰው አይጥ ያረባል እንዴ?» ትል ነበር።

የሚጻፈው ነገር ስሕተት ቢኖረው ባልከፋ፤ ስሕተቱን አርሞ ይገላገል ነበር። ግን ሁሉም ልክ ነው፣ ሁሉም ሕጉን የጠበቀ ነው። ሆኖም የጻፈውን መልሶ ባነበበ ቁጥር አንድ ነገር ይሸተዋል። ሳሙና።

የሳሙናው ነገር እንዲህ ነው። ባድሪ በጎረምሳነቱ ዋና ከተማው ትብሊሲ ወርዶ ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ ዜማ ይሠራ ነበር። አንዷ የሳሙና ማስታወቂያ እንደ ጉድ ወጣችለትና አገር ምድሩ ያፏጫት ጀመር። በዚያው ዓመት ለወይን ለቀማ ቤቱ መጣ። እንግዳው ማዕዱን ከቦ ተቀምጧል፤ አባቱ ሰቨሪያን እንደ ልማዱ መካከለኛውን ድምፅ ይዞ ዘፈኑን ጀመረ፣ እናቱ ኤተሪ ላይኛውን ያዘች፣ ባድሪ ከታች በባኒ ገባ። ገና ከመግባቱ አባቱ እጁን አንስቶ ዘፈኑን አስቆመው። በእኛ ማዕድ ዘፈን መሃል ላይ አይቆረጥም፤ ሰው ቢሞት እንኳን ተጨርሶ ነው የሚለቀስ። ሰቨሪያን ግን ቆረጠው። «ልጄ፣ ባኒህ ሳሙና ሳሙና ይሸታል» አለው።

እንግዳው በሳቅ ፈነዳ። ጎረቤታቸው ቫርላም ሳቁ አንቆት ጀርባውን ደበደቡት። ባድሪ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ኮቱን አነሳ፣ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለበዓል እናቱን በስልክ እንኳን አደረሰሽ ይላታል፣ «እሱስ ደህና ነው?» ይላታል፤ እሷም ደህና ነው ትለዋለች። አባትየውም አልጠራውም፣ ልጅየውም አልመጣም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግንባር ነበራቸው፤ ድንጋይ! እንዲህ እያሉ ዓመታት አለፉና ባድሪ አባቱን ያየው ሬሳ ሳጥን ውስጥ ነው።

ሰቨሪያን ሲሞት «ድልድዩ» የሚባል ኦፔራ ትቶ ነበር። ቴአትር ቤቱ እንሥራው ብሎ ኤተሪን ሲጠይቃት፣ «አልጨረሰውም» አለች። «የሚጨርሰው ሰው እንፈልግ?» ሲሏት፣ «ልጄ ካልጨረሰው ማንም እንዳይነካው» ብላ እግሯን ተከለች። ባድሪ ስልኩን ሲሰማ እንቢ ሊል አፉን ከፍቶ እሺ የሚል ቃል ወጣው። እውነቱን እንናገር ከተባለ የአባቱ ኦፔራ አላጓጓውም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትክክለኛ ባኒ ጽፎ ያንን የማዕድ ሳቅ ከጆሮው ማውጣት። ይህ ካልሆነለት ሽማግሌው ሞቶም አሸነፈው ማለት ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ማዕድ ነው። ድልድዩ ተሠርቶ አልቋል፤ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሚስቱና ድልድይ ሠሪው ተቀምጠው ይዘፍናሉ። የሽማግሌው ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተጽፏል፣ የሚስቱም ተጽፏል። ኦርኬስትራው እንዲያው ዝም ይላል፤ ሰቨሪያን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የዕረፍት ምልክቱን ኖታው በተከፈለበት በየቤቱ እየደረደረ ጽፎለታል። ምሽቱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ቅጭል የምታደርገውን ሦስት ማዕዘን ብረት ለሚመታው ሰው እንኳን፣ እዚህ ጋ እረፍ፣ እዚህም ጋ እረፍ ብሎ ጽፎለታል። እንዲህ ያለ ነዝናዛ ሰው ነበር። የድልድይ ሠሪው መስመር ላይ ግን ምንም የለም። አምስቱ የኖታ ሰረዝ ብቻ፣ ንጹሕ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ኑግዛር በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ኑግዛር የኦርኬስትራው መሪ ነው፤ ከባድሪ ጋር አብረው ያደጉ፣ በልጅነታቸው የሰው ቼሪ አብረው የሰረቁ ናቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን?»

«አትጩህብኝ ኑግዛር።»

«ሲምፎኒ ጻፍልኝ አልኩህ? ባኒ እኮ ነው! የኛ ዘበኛ ይጽፈዋል!»

«ይጻፍልሃ እንግዲያው!»

«ማንበብና መጻፍ ቢችል ለምን አንተን እለማመጥ ነበር።» ኑግዛር በተቀደደው ወረቀት ላይ እየተራመደ መጥቶ ፒያኖው ላይ ተደገፈ። «ስማኝ። ድልድይ ሠሪ የሚሆነው ያ ከኦዴሳ ያስመጣነው ባስ ዘፋኝ ሆቴል ተጎልቶ ኖታ ይጠብቃል። ዝም ብለህ እንደመጣልህ ግባ ብለው ፊቱ ነጣ። ሰውየው ወረቀት ላይ ካልተጻፈለት አያስነጥስም።»

«እጽፍለታለሁ አልኩ እኮ።»

«መቼ? የቴአትር ቤቱ ቦርድ ሰኞ ካልደረሰ ለአንድ የትብሊሲ ሙዚቀኛ ሊሰጠው ነው። ምን እንዳለ ታውቃለህ? "ስምንት ጥሩንባ አስገብቼ እዘጋዋለሁ" አለ።»

ሲንቆራጠጥ የነበረው ባድሪ ቀጥ አለ። «አባቴ ማዕድ ላይ? ስምንት ጥሩንባ?»

«ስምንት። አንዱ ወርቃማ ነው አሉ።»

«ሞኙን ይፈልግ!»

«እንግዲያው ጻፋ! ጻፍና እትዬ ኤተሪ ይዩት፣ እሺ ይበሉ፣ እኔም እንቅልፌን ልተኛ።»

ባድሪ ካልተቀደዱት ውስጥ የተሻለውን መረጠ። የተሻለ ነው ያለውም ሽታው ያነሰበትን ነው። አጥፎ ኪሱ ከተተና የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ የኡኪሜሪዮኒን ዳገት በእግሩ ወጣው።

የእናቱ ቤት ያው ነው፤ በረንዳው ላይ የወይን ሐረግ፣ ከሐረጉ ሥር ያ ረጅም ጠረጴዛ። ባድሪ ከተመለሰ ጀምሮ እናቱን ሊያይ ይመጣል፤ ግን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አያውቅም። ምድር ቤቱ ፒያኖ ሥር ተጣጥፎ ይተኛል፣ እዚህ ሲመጣ በረንዳው ምሰሶ ተደግፎ የቀረበለትን ቆሞ ይበላና ይሄዳል። ኤተሪ የዋልነት ፍሬ እየሰበረች ነበር።

«መጣህ? ተቀመጥ፣ ቦሎቄው ትኩስ ነው። የበቆሎ ቂጣም አለ።»

«ቸኩያለሁ እማ።»

«መቼ ነው የማትቸኩለው? ሲወለድም ቸኩሎ ነው የተወለደው ይኼ ልጅ።»

ወረቀቱን ሰጣት። ኤተሪ የመዘምራን ልጅ ስለነበረች ኖታ እንደ ጋዜጣ ታነባለች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ራቅ አድርጋ ያዘችው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች እስከ መጨረሻው ወረደች፣ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«ቆንጆ ነው ማለት?»

«ቆንጆ ነው ማለት ቆንጆ ነው ማለት ነዋ።»

«ሳሙና ይሸታል በይኛ! ምን ያፍነሻል፣ በይው!» ባድሪ ምሰሶውን ለቆ በረንዳው ላይ ከዳር እዳር መመላለስ ጀመረ። «ክረምቱን ሙሉ አልተኛሁም እኮ! እንዴት ነው የሱን ሐሳብ የማውቀው? ምን ሊጽፍ እንደነበር በምን ልወቅ? ሰው እንዴት ሁለቱን ድምፅ እንዲህ አሳምሮ ጽፎ ሦስተኛውን ሳይጨርስ ይሞታል?»

ኤተሪ አንድ ዋልነት ሰበረች። ፍሬውን ከቅርፊቱ ለየች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ጨርሶታል እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ኦፔራውን። ከመሞቱ በፊት፣ ዘንድሮ አይደለም፣ አምና አይደለም፣ ከዚያ በፊት ነው የጨረሰው። አለቀ ብሎ ዶሮ አርደናል። መሬት ውስጥ የተቀበረውን የወይን እንስራ ከፍተን፣ ቫርላም ሰክሮ እዚሁ በረንዳ ላይ ነው ያደረው።»

«አልሰከርኩም!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ። የቫርላም ራሰ በራ አናት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ቫርላም ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ ነው፤ ጆሮው ከባድ ነው ይባላል፣ የሰው ወሬ ላይ ግን ይከፈትለታል። «ዝናብ ነበረ እንጂ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ? ወይንህን ግረዝ!»

ባድሪ የሰማውን ማመን አቃተው። «ጨርሶታል? አልጨረሰም ብለሽ ያን ሁሉ ሰው ... እኔን ... እማ፣ ለምንድን ነው አልጨረሰም ያልሽው?»

«ጨርሷል ብል ትመጣ ነበር?»

ባድሪ ተመልሶ ምሰሶውን ተደገፈ።

«ለልደት ና ስልህ ሥራ አለብኝ። ለፋሲካ ና ስልህ መንገዱ ተበላሽቷል። እኔም አሮጊት ነኝ ልጄ፤ በምን ልጎትትህ? ሌላ ገመድ አልነበረኝም። ዋሸሁ፣ አዎ፣ ዋሸሁ፤ እግዜር ይፍረድብኝ።»

«እሺ፣ ባኒውስ? ጨርሷል ትይኛለሽ፣ መስመሩ ባዶ ነው!»

«አባትህ ከጆሮው ያልሰማውን ጽፎ ያውቃል?» አለች ኤተሪ። አሁን ዋልነቱን ተወችው። «አንተ ከሄድክ በኋላ ሁለታችን እዚህ ቁጭ እንላለን። እሱ ይጀምራል፣ እኔ ከላይ እገባለሁ። ከታች ማንም የለም። ባኒ የሌለው ዘፈን ብርድ ነው ባድሪ፤ ጣሪያ እንጂ ወለል የሌለው ቤት ነው። ይኼ የኛ ቫርላም ደግሞ አንገቱን በአጥሩ ያወጣና፣ "ባኒውን ልያዝላችሁ?" ይላል። አባትህ ምን ይለው መሰለህ?»

«"ቦታው የሰው ነው"» አለ ቫርላም ከማዶ፣ በሰቨሪያን ጎርናና ድምፅ። «ስንቴ አዋረደኝ! ልቤ እየፈለገ፣ ጉሮሮዬ እየበላኝ፣ "ቦታው የሰው ነው፣ ሂድ ወይንህን ግረዝ" ይለኛል።»

«ታዲያ ስልክ መደወል አይችልም ነበር?» ባድሪ ድምፁ ተሰነጠቀ። «ይቅርታ ልጄ ማለት አይችልም ነበር?»

«አይችልማ!» አለች ኤተሪ። «አንተስ ትችላለህ?»

ባድሪ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳ፣ ደህና ዋይ ሳይላት ደረጃውን ወረደ። ኤተሪም አልጠራችውም። ቫርላም ብቻ ከአጥሩ ላይ፣ «ቦሎቄው ይቀዘቅዛል!» ብሎ ጮኸ፤ የሚያሳዝነው እሱ ብቻ ይመስል።

ባድሪ ወንዙን ተከትሎ ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ። መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው። አንድ አሮጊትና አንድ ሽማግሌ፣ አንዷ በሕይወት አንዱ በመቃብር፣ ተማክረው የተጫወቱበት መሰለው። ከዚያ ሐፍረት መጣ። ባዶው መስመር ታዲያ እሱ ነው ማለት ነው፤ የሱ ጥሎ መሄድ፣ የሱ ኩርፊያ፣ በአባቱ እጅ ወረቀት ላይ ተመዝግቦ ሕዝብ ፊት ሊቆም ነው። ቢሆንም አባቱ እንዲህ ሲበቀለው አልታይህ አለው። ሰቨሪያን ፊት ለፊት ሰድቦ የሚያዋርድ ሰው ነበር እንጂ በወረቀት የሚጎነትል አልነበረም።

ቴአትር ቤቱ ሲደርስ ኑግዛር ይጠብቀው ነበር።

«እሺ አሉ?»

«ኦፔራው አልቋል» አለ ባድሪ። «መስመሩ ባዶ ይሁን።»

ኑግዛር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ክረምቱን ሙሉ ሠርተህ ባዶ መስመር አመጣህልኝ?»

ባድሪ እናቱ ያለችውን እንዳለ ነገረው። ኑግዛር ሲሰማ ቆይቶ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ሰቨሪያን የሱም አስተማሪ ነበር። «አይ ጋሽ ሰቨሪያን» አለ። «አይ ክፉ ሽማግሌ። እሺ፣ ገባኝ። ቦርዱን እኔ እከራከረዋለሁ። ግን እንዲህ ባዶውን ካተምነው አታሚው ወረቀት የጎደለ ይመስለዋል፣ ያ የኦዴሳውም ልቡ ይቆማል። ቢያንስ የዕረፍት ምልክት አድርግበት። ዝም በል ተብሎ ይጻፍለት። ያኔ ሁሉም ይገባዋል።»

ልክ ነበር፤ ሥራው የሚፈቅደው ይኸው ነው። ዝም የሚል ዘፋኝ ዝም በል ተብሎ ይጻፍለታል። ባድሪ እርሳሱን አንስቶ የድልድይ ሠሪው መስመር ላይ አስጠጋው። የመጀመሪያው ቤት ላይ ዕረፍት ሊያደርግ ሲል እጁ ቆመ።

ዓይኑ ከታች ባለው በሦስት ማዕዘኑ ብረት መስመር ላይ አረፈ። እረፍ፣ እረፍ፣ እረፍ። አባቱ ለዚያች ብረት እንኳን ዝምታዋን አንድ በአንድ ጽፎላታል። ለቫዮሊኑም ለጥሩንባውም ጽፏል። ለባኒው ግን ዝም በል ብሎ አልጻፈም። መርሳት? ያ ነዝናዛ! በዕድሜው ሙሉ አንዲት ዕረፍት ረስቶ የማያውቅ ሰው! ዝም አለ ብሎ ሊጽፍ ስላልፈለገ ነው እንጂ። ገና ይገባል ብሎ እየጠበቀ ነው ያ ሰውዬ። በየማታው እዚያ በረንዳ ላይ ዘፈኑን ሲጀምር፣ ቫርላምን ሲያባርር፣ ይኼኔ ይገባል፣ ይኼኔ ይገባል ሲል ነበር።

እርሳሱን ጣለው። «አልጽፍም» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ሊደብቀውም አልሞከረም። «ዕረፍትም አልጽፍም። እንደተወው ይታተም።»

ኑግዛር ወረቀቱን አየ፣ ባድሪን አየ፣ ተነስቶ አንገቱን አቀፈው። «እሺ» አለ። «ለኦዴሳው እኔ እነግረዋለሁ። አልቅሶ ይወጣለታል።»

ባድሪ በዚያው የተዘጋጀውን የሽፋን ገጽ አወጣ። ከአባቱ ስም ሥር «ያጠናቀቀው ባድሪ» ይል ነበር። «ያጠናቀቀው» የሚለውን ሰርዞ «ለኅትመት ያዘጋጀው» ብሎ ጻፈበት። እውነቱ እሱ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ኤተሪ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ከባድሪ ጎን ተቀምጣለች፤ ቫርላም ከኋላቸው የሠርጉን ኮት ለብሶ የብል መድኃኒት ይሸታል። ባድሪ ሁለቱን ክፍል ሙሉ ወንበሩ ላይ ሲገላበጥ አመሸ፤ እግሩን ያጣጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ፕሮግራሙን ይጠቀልላል። ኤተሪ፣ «ቁንጫ አለብህ እንዴ?» ብላ ቆነጠጠችው።

የመጨረሻው ማዕድ መጣ። ኦርኬስትራው ዝም አለ። ሽማግሌው ብቻውን ጀመረ፤ ሚስቱ ከላይ ገባች። ድልድይ ሠሪው፣ የኦዴሳው ሰውዬ፣ ባርኔጣውን ይዞ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ ምንም ስላልነበረ ምንም አልዘፈነም፤ በዚህ በኩል አስተማማኝ ሰው ነው።

ሁለት ድምፅ ብቻውን አዳራሹ ውስጥ ተንሳፈፈ። ወይ ጣጣ! እስቲ ኩታይሲ ውስጥ ባኒ የሌለው ዘፈን ሰምቶ የሚችል ሰው አምጡልኝ! እዚህም እዚያም ጉሮሮ ይጠረግ ጀመር። ወንበር ተንቋቋ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ባድሪ ጊዜው አሁን መሆኑን ያውቃል። ባኒው የት እንደሚገባ አጥንቱ ያውቃል። አፉን ከፈተ፤ ምንም። የሳሙናው ሳቅ ከየት እንደመጣ ጆሮው ውስጥ ተለቀቀና አፉን መልሶ ገጠመ።

ያኔ ከላይ፣ ከርካሹ ወንበር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ተለቀቀ። አላስቻለውማ! ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ቆዳ ፋቂውም ሐኪሙም፣ የኦርኬስትራው ከበሮ መቺ ሳይቀር ገባበት። አዳራሹ ሁሉ ባኒ ሰጠ። ቫርላም ስንት ዓመት ያፈነውን ባድሪ ማጅራት ላይ አፈነዳው። ኑግዛር በትሩን አውርዶ ያለቅሳል። ኤተሪ አልዘፈነችም፤ የልጇን ከንፈር ብቻ ታያለች። የባድሪ ከንፈር አልተንቀሳቀሰም።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ቦርዱ መጥቶ አቀፈው፣ ድንቅ ሐሳብ አለው፣ ጥሩንባውን ማን እንዳነሳው እንኳን የሚያስታውስ ጠፋ። ባድሪ ፈገግ አለ፣ እጅ ጨበጠ፣ ውስጡ ግን አመድ ነበር። አባቱ ለሱ ያስቀመጠለትን ቦታ ከተማው ሙሉ ገብቶ ተቀመጠበት፤ እሱ ብቻ ቆሞ ቀረ።

በሩ ላይ ኤተሪ ክንዱን ያዘችው። «ነገ ምሳ ና» አለችው። «ቆመህ አይደለም።»

እሑድ ረፋዱ ላይ ዳገቱን ወጣ። የወይኑ ሐረግ ገና ማቆጥቆጡ ነው፤ ፀሐይ በቅርንጫፉ መሃል ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ቦሎቄው፣ አይቡ፣ ጎምዛዛው የፕሪም ድልህ፣ ሁሉም ቀርቧል። ባድሪ ጠረጴዛው አጠገብ ትንሽ ቆመና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በስተ ራስጌ የአባቱ ወንበር ባዶውን ነው።

በሉ። ጠጡ። ስለ ኦዴሳው ሰውዬ ሳቁ።

«ትላንት አልገባሁም» አለ ባድሪ።

«አየሁህ።»

«ሳሙና ይሸት ይሆን ብዬ ነው።»

«ይሽተት!» አለች ኤተሪ። «ንጹሕ ነው ማለት ነው።»

ሳቀ፤ እየሳቀ እንባው ወረደ። ብርጭቆውን አራቀና፣ «እንዝፈን በቃ» አላት። ልክ ይህን ሲል ነው የተያዙት። ማን ይጀምር? መካከለኛው ነው የሚጀምረው፤ ላይኛውም ባኒውም የሚገቡት እሱን ተከትለው ነው። ሁለቱም ወደ ራስጌው ወንበር አዩ።

የቫርላም አናት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ኮቱን ገና አላወለቀም። «መካከለኛውን ልጀምርላችሁ?» አለ፣ በጉጉት።

«አይ ጋሽ ቫርላም» አለ ባድሪ። «ቦታው የሰው ነው።»

ሽማግሌው አገጩን አጥሩ ላይ አስደገፈና ጠበቀ።

ኤተሪ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ በጣቷ ቀስ እያለች መምታት ጀመረች። ሰቨሪያን ብቻውን የሚጀምርበትን መነሻ ነው የምትቆጥረው። ባድሪ ያን መነሻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰማው፣ ጎርናናውን ድምፅ፣ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ እንኳን። ጣቷ ቆመ። እናቱ ከላይ፣ እሱ ከታች፣ እኩል ገቡ።